አሥራ አንድ የእንግሊዝኛ ቃላት እና አንድ «ጠመዝማዛ»፤ በምን ልለያቸው?

ተርጓሚዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚሆን፣ በተፈጥሮ ውስጥ ስለሚገኙ ቅርጾች የሚናገር አጭር የሳይንስ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ያዘዘኝ ሰው የለም፤ ልጆች በገዛ ቋንቋቸው እንዲያነቡት ስለምፈልግ ነው። ሁለት ገጽ ያለ ችግር ሄድኩ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ግን አንድ አንቀጽ ብቻ ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

በዚያ አንቀጽ ውስጥ የሐረግ ጅማት፣ የቀንድ አውጣ ዛጎል፣ የብሎን ጥርስ፣ የስልክ ገመድ፣ ወንዝ እና ዲኤንኤ ጎን ለጎን ተጠቅሰዋል። እንግሊዝኛው ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቃል ሰጥቷቸዋል። የእኔን ረቂቅ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳነበው ግን ሐረጉ ተጠማዘዘ፣ ዛጎሉ ተጠማዘዘ፣ ገመዱ ተጠማዘዘ፣ ወንዙም ተጠማዘዘ። ስድስት የተለያዩ ነገሮች አንድ መልክ ያዙ። ይህን ያነበበ ልጅ የዛጎልንና የብሎንን ልዩነት ከየት ያውቃል?

ቃላቱን በየብጣሽ ወረቀት ጽፌ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደርኳቸው፦ ትዊስት፣ ቤንድ፣ ከርቭ፣ ኮይል፣ ከርል፣ ዋይንድ፣ ትዋይን፣ ስፓይራል፣ ሂሊክስ፣ ሚያንደር፣ ራይዝ። አጠገቤ ያለው መዝገበ ቃላት ለሰባቱ «ጠመዘዘ» ወይም «ጠመዝማዛ» ብሎ ያልፋል። «ዋይንድ» ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። አጻጻፉ ነፋስ ከሚለው ቃል ጋር አንድ ሆኖ የሚለየው ሲነበብ ብቻ ነው። ተማሪ ሳለሁ ስለ መንገድ በሚናገር ዓረፍተ ነገር ውስጥ አግኝቼው «በመንገዱ ላይ ነፋስ ይነፍሳል» ብዬ ተርጉሜዋለሁ፤ ለካ መንገዱ እየዞረ ይሄዳል ማለቱ ነበር።

አማርኛ ቃል አጥቶ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ጠመጠመ፣ ጠቀለለ፣ ገመደ፣ ፈተለ፣ ጎነጎነ፣ አከረረ፣ ቆለመመ፣ ጎበጠ፣ ኩርምት አለ፤ እጄ ሥራ ላይ ሲሆን ሳልጠራቸው ይመጣሉ። እንግሊዝኛው ፊት ስቀመጥ ግን ይሸሹኛል። ስለዚህ የምጠይቃችሁ የአቻ ቃላት ዝርዝር አይደለም። እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ከርል»ን ትቶ «ኮይል» ሲል ዓይኑ ላይ የሚመጣው ምንድን ነው? ሥዕሉን ካገኘሁ ቃሉን እኔ እፈልገዋለሁ።

ሞላ ሠሪው

እህቴ፣ እኔ የቋንቋ ሰው አይደለሁም። ከሃያ ዓመት በላይ ሞላ ስሠራና የተቃጠለ ሞተር ፈትቼ ስጠቀልል የኖርኩ ነኝ። የእንግሊዝኛ መመሪያ ግን ከእጄ አይጠፋም። እኔ ብሆን «ነገሩ ምን ይመስላል?» ብዬ አልጀምርም፤ «እጅ ምን አደረገው?» ብዬ ነው የምጀምረው።

አንድ ቀጥ ያለ ሽቦ ያዢ። አንዱን ጫፍ በጉጠት አጥብቀሽ ሌላውን ጫፍ ባለበት ብታዞሪው ትዊስት ነው። ከሩቅ ለሚያየው ሽቦው አሁንም ቀጥ ያለ ነው፤ ጭንቁ ውስጡ ነው ያለው። ይህ በትክክል «ጠመዘዘ» ነው፤ ለሌሎቹ አታበድሪው። ያንኑ ሽቦ አንድ ቦታ ላይ ብታጥፊው ቤንድ ነው፤ የታጠፈበትን ቦታ በጣትሽ ማሳየት ትችያለሽ። ጉብጠቱ በርዝመቱ ሁሉ ተከፋፍሎ ጣትሽ የሚያርፍበት ቦታ ሲያጣ ከርቭ ይሆናል። ሽቦውን በዘንግ ላይ ዙር በዙር ብታስተኚው ደግሞ ኮይል ነው፤ በሥራችን ጥቅል የምንለው።

የከርልና የኮይል ልዩነት ለእኔ ግልጽ ነው። ኮይል ዙሩ ይቆጠራል። የተቃጠለ ሞተር ስፈታ መጀመሪያ የማደርገው ስንት ዙር እንደነበረው መቁጠር ነው፤ አንድ ዙር ብሳሳት ሞተሩ እንደቀድሞው አይሠራም። ከርል ግን አይቆጠርም። እንጨት ሲላግ ከመላጊያው አፍ ጥቅልል እያለ የሚወጣውን ስስ ፍቅፋቂ አስቢው፤ ማንም አልጠቀለለውም፣ ከራሱ ጠባይ የተነሣ ጫፉን ወደ ውስጥ መለሰ። ስለዚህ ለኮይል «ተጠቀለለ»፣ ለከርል «ጥቅልል አለ» ብትይ ልዩነቱን አማርኛው ራሱ ይናገርልሻል። ሰው ጉልበቱን አቅፎ ሲተኛም «ጥቅልል ብሎ ተኛ» እንጂ «ተጠቅልሎ ተኛ» ካልን ብርድ ልብስ እንፈልጋለን።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ወጣቶች ሲሰሙት አያምኑኝም። ቀጭን የወረቀት ጥብጣብ ወስደሽ በእርሳስ ላይ አራት ዙር ጠምጥሚ። ሁለቱን ጫፎች አጥብቀሽ ይዘሽ ሳትለቂ እርሳሱን አስወጪና ጥብጣቡን ሳቢው። ጥቅሉ ይጠፋል፤ በምትኩ ጥብጣቡ አራት ጊዜ ተጠምዝዞ ታገኚዋለሽ። ሞላም እንዲሁ ነው። ሞላ ሲሳብ ሽቦው የሚታጠፍ ይመስላል እንጂ በዋናነት የሚሆነው መጠምዘዝ ነው። በተቃራኒው የልብስ መቆንጠጫ ላይ ያለችው ትንሽ ሞላ በእንግሊዝኛ «የቶርሽን ሞላ»፣ ማለትም የጥምዘዛ ሞላ ተብላ ትጠራለች፤ ሽቦዋ ግን የሚታጠፍ እንጂ የሚጠመዘዝ አይደለም። ስሙን ያወጡት ሞላዋ ከምታደርገው ተነሥተው ነው፤ ሽቦው የሚደርስበትን አላዩም። እንግሊዝኛውም ይሳሳታልና አንቺ ብቻ የተቸገርሽ አይምሰልሽ።

የቃል ሥር

ሞላ ሠሪው የተናገሩትን የቃላቱ ታሪክም ይደግፋል። «ኮይል» ከድሮ ፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ሥሩ «መሰብሰብ» ነው፤ በእንግሊዝኛ «ኮሌክት» ከሚለው ቃል ጋር አንድ የላቲን እናት አላቸው። ገመድን ሰብስቦ ዙር በዙር ማስቀመጥ ነው መነሻው። በውስጡ የሚሰበስብ እጅ አለ። «ከርል» ግን ስለ ፀጉር ነው የጀመረው፤ ድሮ «ክሩል» ይባል ነበር፣ በኋላ ድምፆቹ ቦታ ተለዋወጡ።

እኔ ግን በጣም የምወደው የሁለት ፊደላት ነገር ነው። ተርጓሚዋ ሆይ፣ ብጣሽ ወረቀቶችሽን በመነሻ ፊደላቸው አሰልፊያቸው።

መጀመሪያ በ«ቲ» እና «ደብሊው» የሚጀምሩትን። ትዊስት፣ ትዋይን፣ ትዊን፣ ትዋይስ። ሁሉም ከ«ሁለት» ጋር የተዛመዱ ናቸው። «ሁለት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ራሱ ዛሬ «ቱ» ተብሎ ቢነበብም ሲጻፍ መሐሉ ላይ ያቺ የማትሰማ «ደብሊው» አለች። «ትዋይን» ማለት በመሠረቱ ሁለት ሆኖ የተገመደ ክር ነው። ስለዚህ ትዊስት መጠምዘዝ ከመሆኑ በፊት ሁለት መሆን ነበር። የጀርመንኛ ዘመዱ «ትስቪስት» ደግሞ ጠብ ማለት ነው፤ አንድ የነበረው ሁለት ሲሆን። እዚህ ላይ አማርኛን አስቡ። ክር ይከራል፣ ሲያከሩት ይበጠሳል፤ ሁለት ሰዎች ሲጣሉም ነገሩ ተካረረ እንላለን። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይተዋወቁ ክሩንና ጠቡን አንድ ላይ አስቀመጡ።

ቀጥሎ በ«ደብሊው» እና «አር» የሚጀምሩት። ሪስት የእጅ አንጓ ነው፣ እጅ የሚዞርበት። ሬንች ብሎን ማዞሪያ ቁልፍ። ሪንግ ልብስን ጠምዝዞ ውኃውን ማውጣት። ሪንክል የቆዳ መሸብሸብ። ሬስል መታገል። ራይዝ በሥቃይ መጥመልመል። ሪዝ የአበባ ጉንጉን፤ እኛም ጉንጉን ያልነው ከመጎንጎን ነውና ስያሜው አንድ መንገድ ሄዷል። ቁጣ ማለት የሆነው «ራዝ» እንኳ የራይዝ ዘመድ ነው። «ደብሊው» ዛሬ አትሰማም፣ ድሮ ግን ትነበብ ነበር፤ ከንፈር ሲሾልና ምላስ ሲዞር ድምፁ ራሱ የተጠመዘዘ ይመስለኛል። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ መጻፍ ማለት የሆነው «ራይት» በዚሁ ፊደል ቢጀምርም የዚህ ቤት ልጅ አይደለም፤ እሱ ከመቧጨርና ከመቅረጽ የመጣ ነው።

ከዚህ ቤተሰብ ትልቁ ግን «ሮንግ» ነው። ስሕተት፣ በደል። ሥሩ ጠማማ ማለት ነው። ተቃራኒው፣ ትክክል ማለት የሆነው ሌላው «ራይት»፣ ከጥንት ቀጥ ያለ ማለት ነበር። በፍትሐ ብሔር ሕግ ሌላውን ሰው መበደል በእንግሊዝኛ «ቶርት» ይባላል፤ ይኸውም ከላቲን «የተጠመዘዘ» ከሚለው ቃል ነው። ቶርቸር፣ ዲስቶርት፣ ቶርክ ሁሉ ከዚያው ናቸው። እኛስ? ጠማማ ሰው፣ ጠማማ ፍርድ፤ በሌላ በኩል ቀና ሰው፣ ቅን ልብ። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ጎን ለጎን ያየሁት ቀን ሌላ ሥራ መሥራት አልቻልኩም። ስለዚህ እህቴ፣ «ጠማማ» የሚለውን ቃል ለዛጎልሽም ሆነ ለሐረግሽ አትስጪ፤ ነውር ይሸከማልና። ዛጎሉ ምን በደለ?

ለሞላ ሠሪው ደግሞ አንድ ስጦታ አለኝ። በእጅዎ የሚይዙት ካቻቪቴ የጣልያንኛ ቃል ነው። «ቪቴ» ብሎን ነው፤ የወይን ሐረግም «ቪቴ» ነው። ብሎኑ ስሙን ያገኘው ከወይን ሐረግ ነው፤ የሐረጉ ጅማት እየዞረ ሲወጣ አይተው።

የዘንድሮ ተማሪ

እኔ ጽሑፉ የሚደርሰኝ ልጅ ብሆን «ስፓይራል» እና «ሂሊክስ» እንዳሉ ቢቀመጡልኝ እመርጣለሁ። ፈተናው ላይ የማገኛቸው እነሱን ነው። አዲስ የተፈጠረ የአማርኛ ስም ከሰጣችሁኝ ሁለት ጊዜ ማጥናት ይኖርብኛል። ግን ልዩነታቸውን ማንም አስረድቶኝ አያውቅም፤ ሁለቱንም አንድ አድርጌ ነው የያዝኳቸው።

ተርጓሚዋ

ተማሪው ትክክል ነው፤ ስሙን ተውሼ ግሱን አማርኛ ላደርግ ወስኛለሁ። ጋሼ ሞላ ሠሪው፣ ጥብጣቡን ሞከርኩት። አራት ዙር ጠምጥሜ ሳብኩት፤ አራት ጥምዝ ቆጠርኩ። ድንቅ ነው። ግን ዙሩ የት ሄዶ ነው ጥምዝ የሆነው? ተማሪው ለጠየቀውም መልስ እፈልጋለሁ፤ ዛጎልና ብሎን የሚለዩት በምንድን ነው?

የጂኦሜትሪ መምህር

ከተማሪው ልጀምር። ስፓይራል ከመሐል ተነሥቶ እየዞረ ከመሐሉ ይርቃል፤ በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ሊሣል ይችላል። ሂሊክስ ከዘንጉ ያለውን ርቀት ሳይለውጥ እየዞረ በዘንጉ ርዝመት ይጓዛል፤ ወረቀት አይበቃውም፣ ቦታ ይፈልጋል። የብሎን ጥርስ ሂሊክስ ነው። በእንግሊዝኛ «ስፓይራል ደረጃ» የሚባለው ክብ የሕንፃ ደረጃም በእውነቱ ሂሊክስ ነው፤ ስሙ ተሳስቶ ጸንቷል። ሄሊኮፕተርም ከሁለት የግሪክ ቃላት የተሠራ ነው፤ «ሄሊኮ» ከሂሊክስ፣ «ፕተር» ክንፍ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ሄሊ» እና «ኮፕተር» ብለው በተሳሳተ ቦታ ይቆርጡታል።

ስፓይራሎችም በመካከላቸው ይለያያሉ። በአርኪሜዲስ ስፓይራል በዙርና በዙር መካከል ያለው ርቀት እኩል ነው፤ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ገመድን አስቡ። በሎጋሪዝም ስፓይራል ግን ርቀቱ በየዙሩ በአንድ ዓይነት ብዜት ያድጋል፤ ስለዚህ ቢያድግም መልኩ አይለወጥም፣ ለሚያድግ ዛጎል የሚስማማው ይህ ነው። የሒሳብ ሊቁ ያዕቆብ በርኑሊ ይህን ቅርጽ እጅግ ከመውደዱ የተነሣ በመቃብሩ ላይ እንዲቀረጽለት ጠይቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1705 በስዊዘርላንዷ ባዝል ከተማ ሲሞት ጠራቢው የአርኪሜዲስን ቀረጸበት። ይህን ታሪክ በክፍል ውስጥ በተናገርኩ ቁጥር ያሳዝነኛል። ሁለቱም ለጠራቢው አንድ «ጠመዝማዛ» ነበሩ፤ ተርጓሚዋ የምትፈራው ነገር በድንጋይ ላይ ደርሷል።

የቀንድ አውጣ ዛጎል አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም አጣምሮ ይይዛል፦ እየሰፋም እየወጣም ይዞራል። ይህን በጽሑፉ ውስጥ ማሳየት ይቻላል፤ አማርኛ በ«እየ» ይህን ያህል ሲመቸን ለምን እንሳሳለን?

አሁን ስለ ከርቭና ትዊስት። በሒሳብ በቦታ ውስጥ ያለ መስመር በሁለት ልኬት ይገለጻል። አንደኛው ከቀጥታ መስመር ምን ያህል እንደሚርቅ ነው፤ ጉብጠት እንበለው። ሁለተኛው ከጠፍጣፋ ገጽ ምን ያህል እንደሚወጣ ነው፤ ጥምዘት እንበለው። ክብ ጉብጠት አለው፣ ጥምዘት የለውም። ስፓይራልም በወረቀት ላይ እስካለ ድረስ ጥምዘቱ ዜሮ ነው። ሂሊክስ ሁለቱም አሉት፣ ሁለቱም ከጫፍ እስከ ጫፍ አይለወጡም።

የጥብጣቡ ዙር የትም አልሄደም። ጫፎቹ እስካልተለቀቁ ድረስ የጥብጣቡ ዙርና ጥምዝ ድምር አይለወጥም፤ አንዱ ሲቀንስ ሌላው ይጨምራል። የሒሳብ ሊቁ ፉለር እ.ኤ.አ. በ1971 ጥብጣቡ ራሱ በቦታ ውስጥ የሚሠራውን ዙር ለመለካት «ራይዝ» ከሚለው ቃል ስም አወጣለት፤ ያን ጊዜ የሥቃይ ቃል የሒሳብ ቃል ሆነ። ዲኤንኤን የሚያጠኑ ሰዎች ዛሬ ትዊስትንና ራይዝን በየቀኑ ይጠቀሙባቸዋል፤ ሞለኪዩሉ ከመጠን በላይ ሲከር በራሱ ላይ ይጠመጠማል። የፈተለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የከረረ ክር ሲላላ በራሱ ላይ ይጠመጠማል።

የሐረጉ ጅማትም በዚሁ ሕግ ይገዛል። ጫፉ ድጋፍ ይዞ ሥሩ ግንዱ ላይ ከተያያዘ በኋላ መሐሉ ልጠቅለል ቢል ሁለቱም ጫፎች አይዞሩለትም። ስለዚህ ግማሹ ወደ ቀኝ፣ ግማሹ ወደ ግራ ይጠቀለላል፣ በመሐል አጭር መመለሻ ይተዋል፤ ድምሩ ዜሮ ይሆናል። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1865 ስለሚወጡ ዕፅዋት ባሳተመው ጥናት ይህን አስረድቶታል። የወይን ሐረግ ስታገኙ ጠጋ ብላችሁ መመለሻዋን ፈልጉ።

ተርጓሚዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሌሊቱን ቁጭ ብዬ አንቀጹን እንደ አዲስ ጻፍኩት። እነሆ፦

«የሐረጉ ጅማት ድጋፍ ሲያገኝ ይጠመጠምበታል፤ ከዚያ መሐሉ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ይጠቀለላል። የቀንድ አውጣው ዛጎል እየሰፋና እየወጣ ይዞራል። የብሎኑ ጥርስ ሳይሰፋና ሳይጠብ ዘንጉን እየዞረ ይወጣል፤ ይህ ቅርጽ ሂሊክስ ይባላል። የስልኩ ገመድ ዙር በዙር ተጠቅልሏል። ወንዙ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ እየጎበጠ በሜዳው ላይ ይሄዳል። የዲኤንኤ ሁለት ክሮች እንደ ገመድ ተገምደዋል።»

«ተጠማዘዘ» አንድም ጊዜ አልገባም። የሚያስቸግረኝ ወንዙ ብቻ ነው። «ሚያንደር» በዛሬዋ ቱርክ ውስጥ ከሚገኝ አንድ ወንዝ ስም የመጣ ነው፤ እንግሊዝኛው የወንዝ ስም ለወንዝ ጠባይ ሰጥቷል። «እየጎበጠ» ትክክል ነው፣ ግን ቀስ ማለቱን፣ አለመቸኮሉን አይዝም።

ሞላ ሠሪው

«እየተለመጠ» በዪው። ለጋ ዘንግ ሳይሰበር ሲጎብጥ ተለመጠ ነው የምንለው፤ ቀስ ማለትም አለበት።

ተርጓሚዋ

ጻፍኩት። ወንዙ እየተለመጠ በሜዳው ላይ ይሄዳል።